የዋዮሚንግ ዳማ

ሰፈራችን ካለችው ሱቅ አጠገብ ከቀትር በኋላ ዳማ የሚጫወቱ አባቶች አሉ። ሰሌዳው ካርቶን ነው፣ ጠጠሩ ቆርኪ፤ የአንደኛው ቆርኪ በፊቱ ይቀመጣል፣ የሌላኛው በጀርባው። ዳማ የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው ጠጠር የሚሄደው በሰያፍ ነው። ከጥቁር ካሬ ወደ ጥቁር ካሬ፣ በጥግ በኩል ሾልኮ ያልፋል፤ ነጩ ካሬ ላይ አያርፍም። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ብዙ ነገር ሲጣሉ ሰምቻለሁ፤ «ጥጉን ስታልፍ ነጩን ነካህብኝ» ብሎ የተጣላ ግን አልሰማሁም።

አሜሪካኖች ግን በዚህችው ጉዳይ ተካሰዋል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እየቆማችሁ ሰባትና ስምንት እንዳትቀንሱ።)

ጉዳዩን ያመጣብኝ ዴንቨር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። በ2022 መኸር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባው «ኤልክ አደን ልሄድ ነው፣ አብረን እንሂድ፤ አንተ ጠብመንጃ አትይዝም፣ ሥጋ ትሸከማለህ፣ ድርሻህን ትወስዳለህ» ይለዋል። ኤልክ ማለት የአጋዘን ዘመድ ነው፤ የእኛ የባሌ አጋዘን ቀንዱ ለዕድሜ ልክ ሲሆን የኤልኩ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንድ ከተገኘ ሁለት ቤተሰብ ክረምቱን ይወጣበታል። እናቱ በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው «ያመሰኳል?» ብላ ነው፤ ቀጥላ «ማን ባረከው?»። ለመጀመሪያው መልስ ነበረው።

ታዲያላችሁ ሁለቱ ማታ ማታ ስልክ ላይ ካርታ ዘርግተው የት እንደሚሄዱ ይማከሩ ጀመር። እኔ አደን ሲባል ጫካ ገብቶ መተኮስ ይመስለኝ ነበር። ለካ አብዛኛው ጭንቀት «የት?» የሚለው ነው። ፈቃዱ በዕጣ ነው የሚገኘው፤ ባልደረባው የዋዮሚንግ ዕጣ ደርሶታል። ግን የደረሰህ ፈቃድ አውሬውን እንጂ መሬቱን አይከፍትልህም። መንገድ ዳር ያለው የመንግሥት ደን ሰው እንደ ገበያ የሚጋፋበት ነው፤ ተኩስ ሲጀመር ኤልኩ ቀድሞ ይወጣል። የግል እርሻ ውስጥ ለማደን ብዙ ሺህ ዶላር ይጠየቃል። ሕጋዊ ዱር ተብሎ የተከለለው ቦታ ደግሞ በዋዮሚንግ ሕግ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ አዳኝ ያለ መንገድ መሪ ትልልቅ እንስሳ አያድንበትም። የቀረው በካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የሕዝብ መሬት ነው፤ አንድ ካሬ የሕዝብ፣ አንድ ካሬ የግል፣ አንድ የሕዝብ፣ አንድ የግል። ልክ የዳማ ሰሌዳ።

ሄዱ። ንጋት ላይ አራት ካሬዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆሙ። የስልኩ ሰማያዊ ነጥብ በአንድ የሕዝብ ካሬ ላይ ነው፤ በሰያፍ ያለውም የሕዝብ ነው። በመካከል ያለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ባልደረባው ሊሻገር ተዘጋጅቷል፤ የአጎቴ ልጅ ግን እምቢ አለ። «እሱ ዜጋ ነው፣ ቢከሱት ተከራክሮ ይመለሳል» አለኝ በኋላ። «እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ለአንድ እርምጃ ብዬ ወንጀል ተብሎ ቢጻፍብኝስ?» ተመልሰው ሌላ ቦታ ሦስት ቀን ዞረው ባዶ እጃቸውን ዴንቨር ገቡ። ባልደረባው ለሳምንት አኩርፎታል አሉ።

እኔ የማይገባኝ ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው ነገሩ የጀመረበትን ቀን ነው፤ ጋዜጠኝነት ከተማርኩ ወዲህ የቀረችኝ አመል ናት። ይሄኛው ቀን አለው። ሐምሌ 1 ቀን 1862።

በዚያን ቀን ፕሬዚዳንት ሊንከን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። አገሪቱ እርስ በርሷ እየተዋጋች ነው፤ ካዝናው ተራቁቷል። ያልተራቆተው መሬቱ ነበር፤ ቢያንስ መንግሥት «የእኔ ነው» የሚለው መሬት። ስለዚህ ለባቡር ኩባንያዎቹ ከብድሩ ሌላ መሬት ተሰጣቸው። መሬቱ ከ1785 ጀምሮ በወጣ ደንብ አንድ ማይል በአንድ ማይል በሆኑ ካሬዎች ይቀየስ ነበር፤ አንዱ ካሬ 640 ኤከር፣ በእኛ የድሮ አለካክ ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ። ካሬዎቹ ቁጥር አላቸው። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ኢተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ካሬዎች ለኩባንያው፣ ተጋማሾቹ ለመንግሥት ሆኑ። መጀመሪያ በየጎኑ እስከ 10 ማይል ነበር፤ ገንዘብ የሚያወጣ ባለሀብት ሲጠፋ በ1864 ወደ 20 ማይል አሳደጉት። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ በዋዮሚንግ ብቻ ከ4 ሚሊዮን ኤከር በላይ አገኘ።

ለምን አንድ ዘለው አንድ ሰጡ? ሂሳቡ ብልጠት ያለበት ነው። ባቡር ሲያልፍ መሬት ይወደዳል፤ ስለዚህ መንግሥት በእጁ ያስቀራቸውን ካሬዎች ከመደበኛው በእጥፍ፣ ኤከሩን በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ፈንታ በ2 ዶላር ከ50 ይሸጣል። ግማሹን በነጻ ሰጥቶ በቀረው ግማሽ የሙሉውን ዋጋ ያገኛል ማለት ነው። በ1850 ኢሊኖይ ላይ ተሞክሮ ነበር። ኢሊኖይ ግን ዝናብ አለ፤ ጥቁር አፈር አለ። ዋዮሚንግ ነፋስና ቁጥቋጦ ነው። እዚያ በአንድ ካሬ መሬት ገበሬ ቤተሰቡን አያኖርም። ገዢ አልመጣም። ኩባንያው የራሱን ካሬዎች ቀስ በቀስ ለትልልቅ ከብት አርቢዎች ሸጠ፤ የመንግሥቶቹ ተጋማሽ ካሬዎች እዚያው ቀሩ፣ እስከ ዛሬ። ለጥቂት ዓመት ተብሎ የተሣለ ሰሌዳ 160 ዓመት አለፈው።

መሬቱ ባዶ እንዳልነበረ መቼም ታውቃላችሁ። ሐዲዱ ዋዮሚንግን እያቋረጠ ሳለ፣ በ1868፣ መንግሥት ከክሮው ሕዝብ ጋር በፎርት ላራሚ፣ ከሾሾኒና ከባኖክ ሕዝቦች ጋር ደግሞ በፎርት ብሪጀር ውል ተዋዋለ። ሰፊውን አገራቸውን ለቀቁ፤ በምትኩ አውሬ እስካለ ድረስ ሰው ባልያዘው የመንግሥት መሬት ላይ የማደን መብታቸው ተጠበቀ። በ1895 ሬስ ሆርስ የተባለ የባኖክ ሰው ዋዮሚንግ ውስጥ ሰባት ኤልክ ገድሏል ተብሎ ተያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ምን አለ? ዋዮሚንግ በ1890 ሙሉ ክፍለ ግዛት ስለሆነች የውሉ መብት በዚያው አብቅቷል አለ። ውሉን የፈረመው ወገን አልተጠየቀም፤ ካርታው ስለተቀየረ ብቻ። ይህ ፍርድ 123 ዓመት ኖረ። በ2014 አንድ የክሮው ተወላጅ ሞንታና ካለው የጎሳው ክልል ተነስቶ ኤልክ ተከትሎ ቢግሆርን ደን፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ገባና አደነ፤ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ክፍለ ግዛት መሆን ውልን አይሽርም ብሎ የድሮውን ፍርድ ጣለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወሰን ተሻግሮ በመክሰስ የተጎዳ የመጀመሪያው ሰው የከተማ አዳኝ አይደለም፤ ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ አይሆንልኝም።

ወደ ሰሌዳው ልመለስ። በ1874 የሾህ ሽቦ የፈጠራ መብት ተመዘገበ። ከዚያ በፊት በዚያ ሜዳ ላይ አጥር ማጠር በእንጨት እጦት የማይታሰብ ነበር፤ አሁን በርካሽ ተቻለ። ከብት ነጋዴዎቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፦ ኢተጋማሽ ካሬዎቹን የገዛ ሰው ዙሪያውን ካጠረ ተጋማሾቹም በውስጥ ይቀራሉ። በአንድ ዋጋ ሁለት። የመንግሥት ሳር በነጻ ይጋጣል፣ ሌላ እረኛ አይገባም። አቤቱታው ሲበዛ ኮንግረሱ በየካቲት 1885 የሕዝብን መሬት ማጠርም ሆነ በማስፈራራትና በአጥር ሰው ወደዚያ እንዳያልፍ መከልከልን የሚያግድ ሕግ አወጣ።

ነገር ግን ሕግ ሲወጣ ቀዳዳ ፈላጊ አብሮ ይወለዳል። ኮሎራዶ ውስጥ አንዱ አጥሩን ሙሉ በሙሉ በራሱ ኢተጋማሽ ካሬዎች ጠርዝ ላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ሠራው። አንድም ችካል የመንግሥት መሬት ላይ አላረፈም። ግን 20,000 ኤከር ገደማ የሕዝብ መሬት ታጠረ። «በገዛ መሬቴ ላይ ነው የቆምኩት፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1897 አጥሩ የት ቆመ ሳይሆን ምን ሠራ ብሎ ጠየቀና አፍርሰው አለው። በ1914 ደግሞ ዋዮሚንግ ውስጥ በጎቹን በሰሌዳው ላይ ነድቶ ያለፈ እረኛ ተከሶ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ወደ ሕዝቡ ካሬ መድረሻ የሌለው ከሆነ ካሬው የሕዝብ መባሉ ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ድረስ ስታዩት ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። በ1979 ግን ተገለበጠ፤ ቢያንስ እንደዚያ ተወራ። መንግሥት ሴሚኖ ወደሚባለው ግድብ ሐይቅ ሕዝብ እንዲደርስ ብሎ የአንድ የበግ እርባታ ኩባንያን ካሬ ጥግ አቋርጦ የመኪና መንገድ ሠራ። ኩባንያው ከሰሰ፣ አሸነፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1862 መሬቱን ስትሰጡ የመተላለፊያ መብት ለራሳችን አስቀርተናል አላላችሁም፤ አሁን ከፈለጋችሁ ግዙ አለ። ፍርዱ ስለ መንገድ ነበር፤ ስለ እግር አልነበረም። ግን ለ40 ዓመታት ባለርስቶችና ሸሪፎች «ጥግ መሻገር ክልክል ነው» ሲሉ የሚጠቅሱት እሱን ሆነ። አዳኙም አመነ። እውነቱን ለመናገር እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። ማንም በግልጽ ያልከለከለውን ነገር ሰዉ ራሱን በራሱ ከለከለ።

በመካከሉ የምወደው አንድ ክስ አለ። ዋዮሚንግ ውስጥ ሮውሊንስ አጠገብ ሬድ ሪም የሚባል ቦታ አንድ ከብት አርቢ 28 ማይል አጥር ሠራ። ቦታው ሚዳቋ የሚመስሉ ፕሮንግሆርን የተባሉ እንስሳት በብርድ ጊዜ የሚወርዱበት የክረምት ማሳለፊያ ነው። የ1983 ክረምት በረዶ ሲጥል እንስሳቱ አጥሩ ሥር ተከማችተው ሞቱ። ክሱ በ1988 ይግባኝ ላይ ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የ1885ቱን ሕግ አነሳና ሕጉ ከብትን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፣ አጥሩ እንስሳቱን ያሳልፍ አለ። ለፕሮንግሆርን መተላለፊያ ተፈቀደ። ሰው ገና ወረፋ ላይ ነበር።

ለምን ጉዳዩ በእኛ ዘመን ፈነዳ ብትሉ መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ድሮ ሜዳው መካከል የትኛው ካሬ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ባለርስቱና ቀያሹ ብቻ ነበሩ። የወሰኑ ምልክት ቁጥቋጦ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ የብረት ክዳን ናት። ከ2009 ወዲህ ሞንታና የተቋቋመ ኦንኤክስ የሚባል ድርጅት የመሬት ባለቤትነቱን በቀለም ለይቶ በጂፒኤስና በስልክ ላይ አወጣው። ስልክ የያዘ አዳኝ ሁሉ ቀያሽ ሆነ። ይኸው ድርጅት በ2022 ቆጥሮ እንዳወጣው በጥግ ብቻ የሚደረስበት የሕዝብ መሬት 8.3 ሚሊዮን ኤከር ነው፤ ጥጎቹ ደግሞ 27,120።

ከእነዚህ ጥጎች አንዷ ኤልክ ማውንቴን ሥር ናት። ተራራው ስሙ ራሱ «የኤልክ ተራራ» ነው። ዙሪያውን 50 ስኩዌር ማይል ያህል የሚሸፍን ራንች አለ፤ ባለቤቱ ከሰሜን ካሮላይና የመጣ፣ በመድኃኒት ንግድ የበለጸገ ባለሀብት ነው። በውስጡ ግን ወደ 11,000 ኤከር የሕዝብ መሬት በካሬ በካሬ ተሰክቷል። በ2020 ከሚዙሪ የመጡ አዳኞች ጥጓ ላይ ሲደርሱ ሁለት ችካል ተተክሎ በሰንሰለት ተቆልፎ አገኙ፤ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለበት። ልብ በሉልኝ፣ አጥር አይደለም። ሁለት ችካል ብቻ፣ ጥጓ ላይ። ችካሉን ይዘው ዞረው አለፉ። በ2021 ተመልሰው ሲመጡ ከብረት የተሠራ መሰላል ይዘው መጡ፤ በአንዱ የሕዝብ ካሬ ወጥተው በሌላው ወረዱ። የግሉን አፈር አልረገጡም። ተከሰሱ።

ክሱ ምን ላይ ይቆማል? አንድ የቆየ የሕግ አባባል አለ፤ የመሬት ባለቤት እስከ ሰማይ ድረስ ባለቤት ነው ይላል። ጥግ ነጥብ ናት፤ ነጥብ ስፋት የላትም። ሰው ግን ትከሻ አለው። እግራችን ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲያልፍ ትከሻችን ለአፍታ የባለርስቱ አየር ላይ ያልፋል። እንግዲህ የተካሰሱት በዚህች አየር ነው። ባለርስቱ ያቀረበው የጉዳት ግምት ግን አየር አልነበረም፦ ሰው በጥግ መግባት ከቻለ የራንቹ ዋጋ በሚሊዮኖች ዶላር ይወርዳል አለ፤ አንዱ ግምት እስከ 7.75 ሚሊዮን ይደርሳል። ይህ ቁጥር ሳያስበው እውነቱን አወጣው መሰለኝ። ዋጋው የራሱ ካሬዎች ዋጋ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ የሌላው ሰው መግባት አለመቻልም ተሰልቷል።

በሚያዝያ 2022 ሮውሊንስ ላይ የተሰየመው ጁሪ አራቱንም በነጻ አሰናበታቸው። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ቀጠለ። ከአዳኞቹ አንዱ በስልኩ ካርታ ላይ ያኖራት አንዲት ምልክት የግል ካሬ ውስጥ ሆና ተገኝታ «ይኸው ረግጧል» ተብሎ ማስረጃ ቀርባ ነበር። መንገድ ያሳየው ስልክ ምስክርም ሊሆንበት ማለት ነው! ይህኛውን ክስ በኋላ ባለርስቱ ራሱ ተወው። በግንቦት 2023 የፌዴራል ዳኛው ለአዳኞቹ ፈረዱ። መጋቢት 18 ቀን 2025 ዴንቨር ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጸናው፤ የጠቀሰውም ያንኑ የ1885 የአጥር ሕግ፣ ያንኑ የ1914 እረኛ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። በዚህም ፍርዱ ይግባኝ ሰሚው በሚዳኛቸው ስድስት ክፍለ ግዛቶች ጸና፤ ዋዮሚንግና ኮሎራዶ ውስጣቸው ናቸው። ሞንታና በሌላ ይግባኝ ሰሚ ሥር ስለሆነች የለችበትም። አንድ ጥግ ላይ የሚፈቀደው ከወሰኑ ማዶ ገና ያስከስሳል።

የከብት አርቢዎቹን ወገን ሳልናገር ባልፍ ለእኔም አይጥመኝም። ሁሉም ባለጸጋ ከተሜ አይደለም፤ ለአራት ትውልድ በዚያ ብርድ ከብት ያረባ ቤተሰብ አለ። በር ከፍቶ ትቶ የሚሄድ አዳኝ፣ ከብቱን የሚያስበረግግ ሰው፣ ወሰን ስቶ የሚተኩስ ሰው ያሳስበዋል። ኤልኩም ክረምቱን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ዝቅ ባለው የግል መስክ ላይ ነው፤ እርባታው ተሸጦ የመኖሪያ ቪላ ቢሠራበት የሚጎዳው እንስሳው ነው። ደግሞ አንዳንዶቹ በፈቃዳቸው በራቸውን ይከፍታሉ፦ ሞንታና ከ1985 ጀምሮ ባለርስቶች መሬታቸውን ለአዳኞች የሚፈቅዱበት፣ ክፍለ ግዛቱ የሚከፍላቸው ፕሮግራም አላት። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን በራሱ ካሬ ላይ ያለው መብት እንዴት ብሎ የጎረቤቱንም ካሬ እንደሚያዘው የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ገጠር ያላችሁ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ድንበር ገፊ የሚባለው ሁልጊዜ የሚሻገረው ሰው አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ማንሳቴ አይቀርም፤ በ1975 መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ የታወጀበት አገር ልጅ ነኝና «የሕዝብ» የምትለዋ ቃል ስትነገር ጆሮዬ ይቆማል። የማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። በየት በኩል እንደሚገባ ግን አይጻፍም።

ያለፈው መኸር፣ በ2025፣ የአጎቴ ልጅና ያ ባልደረባው እዚያው ጥግ ላይ ሄዱ። ዕጣው በሦስት ዓመቱ እንደገና ደርሶት ነበር። የአጎቴ ልጅ የፍርዱን ወረቀት አትሞ ኪሱ ይዟል፤ ማንም አልጠየቀውም። ገና ሳይነጋ ተሻገረ። «አንድ እርምጃ ናት» አለኝ፣ «ዞር ብዬ አየኋት፣ ምንም አትመስልም።» ፀሐይ ስትወጣ ኤልኮቹን አዩአቸው፤ ሰላሳ ያህል ይሆናሉ፣ ሳር እየጋጡ። ባልደረባው መነጽሩን አነሳ፣ የአጎቴ ልጅ ስልኩን ከፈተ። ኢተጋማሽ ካሬ ላይ ነበሩ።